ሽማግሌዎቹን ከወንበር የሚያስነሳ ሙዚቀኛ

ሁለት ጢም ያበቀሉ ወንዶች፣ በሕይወታቸው አግኝተዋቸው በማያውቁ ፈረንጆች የተነሳ ደረት ለደረት ሲገፋፉ ያየሁት በገዛ ሱቄ ውስጥ ነው።

ሱቄ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። ስፒከር፣ ማይክ፣ ኬብልና ፍላሽ እሸጣለሁ፤ ለሰርግና ለምርቃት ደግሞ ሞንታርቦ ከነጀነሬተሩ አከራያለሁ። ከዚያ በፊት ከጫሞ አሳ እያመጣሁ ለሆቴሎች አስረክብ ነበር። ድምፅ ከአሳ የሚሻለው ሳይሸጥ ቢያድርም አይሸትም፤ ደንበኛም ተመልሶ መጥቶ አፍንጫሽ ሥር አያስጠጋብሽም። ወደዚህ ንግድ ስገባ ያሰብኩት ይህንኑ ነው፤ ድምፅ ማንንም አይጎዳም።

ከሁለቱ ወንዶች አንዱ ዲጄዬ ነው። በእኔ ዕቃ ከሰርግ ሰርግ እየዞረ ሙዚቃ ያጫውታል። ሲቀላ ተወልዶ ሲቀላ ያደገ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ካልሰካ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ሌላው ግቢዬ ውስጥ ቤት የተከራየ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ከሰሜን መጥቶ ኮምፒውተር ያስተምራል፤ ከሥራ ሲወጣ ቤቱ ሳይገባ መጀመሪያ ሱቄ በር ላይ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። የሁለቱም በሽታ አንድ ነው፤ በኮምፒውተር የሚሠራ ሙዚቃ።

የክርክራቸውም ርዕስ ተለውጦ አያውቅም። ከዚህ ዓይነት ሙዚቀኞች በዓለም ላይ እጅግ የተሳካለት ማን ነው? ሌሎቹን ሁሉ የቀረጸውስ? ስማቸውን አልጽፍም፤ ምላሴም አይታጠፍላቸውም። መምህሩ የሚሟገትለትን «ራሰ በራው»፣ ዲጄው የሚሟገትለትን «ጺማሙ» ብዬ ለራሴ ስም አውጥቼላቸዋለሁ።

«ራሰ በራው ባይኖር ያንተ ጺማም ዛሬ የት ነበረ?» ይላል መምህሩ። «መንገዱን የጠረገው እሱ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣ ሁሉ የእሱን እየገለበጠ ነው እንጀራ የሚበላው።»

«ቲቸር፣ መንገድማ ማዘጋጃ ቤቱም ይጠርጋል» ይላል ዲጄው። «ተጽዕኖ ማለት ሰው ማስነሳት ነው። የእርስዎ ሰውዬ ሲጫወት ሕዝቡ ስልኩን ይነካካል። የእኔ ሲጀምር ጸጉር ይቆማል።»

«የራሱ አውሮፕላን ያለው የማናችን ሰው ነው? እሱን ንገረኝ!»

«በአውሮፕላን ከሆነማ አየር መንገዱን እንሸልመው!»

እኔ መሐል ሆኜ ኬብል እጠቀልላለሁ። እውነቱን ለመናገር ራሰ በራው ለእኔ የወፍጮ ቤት ድምፅ ነው። ጺማሙ ደግሞ ቀበቶው የላላ ወፍጮ ቤት ነው። አንድ ቀን ግን ዲጄው «እትዬ፣ ኬብሉን ይተዉትና ይህንን ይስሙ» ብሎ የጺማሙን አንድ ሙዚቃ ከፈተልኝ። መጀመሪያ ከመሬት ሥር የሚመጣ የሚመስል ጉርምርምታ አለው። ከዚያ አንዲት ድምፅ ትነሳለች። ቀጭን ናት፤ ትወጣለች፣ ትወጣለች፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ ትሰበራለች። ተሰብራ ታበቃለች ስትሉ ከተሰበረችበት ትቀጥላለች። ከሥሯ ከበሮው ይገባል። ክንዴን ቀዝቃዛ ውኃ የነካኝ መሰለኝ።

«ማን ናት?» አልኩት።

«ማንም አይደለችም። የጺማሙ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ቁጭ ብሎ በዓለም ላይ የሌለ ድምፅ ፈጠረ።»

ዞሬ መምህሩን አየሁት። በዚህ ብቻ ተስማማ። ላፕቶፑን ከፍቶ ድምፁን በመስመር እየሳለ አሳየን፤ እዚህ ጋ ሲታጠፍ፣ እዚያ ጋ ሲሰነጠቅ። «የሰው ጉሮሮ እንዲህ አይሰበርም። የማሽን ሥራ ነው» አለ። በምንም ነገር ተስማምተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ከተናገሩ እኔ ማን ነኝ? አመንኩ።

የተገፋፉት ከዚያ በኋላ ነው። ዲጄው ራሰ በራውን «ባንክ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ የሚከፍቱልንን ሙዚቃ ነው የሚሠራው» አለው። መምህሩ ተነሳ። ዲጄውም ተነሳ። ማይክ ሊገዛ የመጣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ማይኩን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ወጣ።

«ደንበኛ አባረራችሁብኝ!» ብዬ ጮኽኩ። «ሱቅ ነው ወይስ የቀበሌ ስብሰባ?»

መምህሩ ሸሚዙን አስተካከለ። «እትዬ፣ ይህ ነገር በወሬ አያልቅም። ሙከራ ይደረግ።»

ሙከራው እንዲህ ነው። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ላንቴ ሰርግ ነበረን። የሙሽራዋ አባት የሙዝ ገበሬ ነው፤ ወገኖቹ ግን ደጋ፣ ዶርዜ ናቸው። ለሰርጉ ከተራራ የሚወርዱት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲቀመጡ ምሶሶ ናቸው። በስንት ሰርግ አይቻቸዋለሁ። በባህላቸው ዘፈን ካልሆነ በቀር በእኔ ሞንታርቦ ተነስተው አያውቁም። እንግዲህ የሁለቱም ሙዚቀኞች አንድ አንድ ሙዚቃ ይከፈታል፤ እነዚያን ሽማግሌዎች ከወንበር ያስነሳ ሙዚቀኛ እሱ ታላቅ ነው። የተሸነፈው ተከራካሪ እስከ ፋሲካ ስለ ሙዚቃ አፉን ይዘጋል።

እስከ ፋሲካ የሚለው ነው እኔን የገዛኝ።

የጥር ፀሐይ ላንቴ ላይ አትቀልድም። ድንኳኑን የተከልነው ከሙዙ እርሻ ዳር፣ ማንጎው ሥር ነው። የሙሽራው ወገኖች ከከተማ በመኪና መጡ። የሙሽራው አባት ከሰሜን ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ጡረታ የወጣ ባለሥልጣን ነው፤ እናቱ ከመኪና ስትወርድ መሬቱን በዓይኗ መርጣ የምትረግጥ ሴት ናት። ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመረቃል፣ ከዚያ ሙሽራዋን ይዘው ይሄዳሉ። ሁሉም ነገር በሥርዓቱ እየሄደ ነበር።

መጀመሪያ ራሰ በራው ተጫወተ። ወጣቶቹ ዘለሉ፣ አቧራው ተነሳ። ሽማግሌዎቹ ቆጯቸውን በዳጣ እያጠቀሱ ይበላሉ። አንደኛው ብቻ ሰው ላኩብኝ፤ «ጀነሬተሩ ታሞ ከሆነ አጥፉትና ይረፍ» ይላሉ። መምህሩ ይህን ሲሰማ ለስላሳውን አንስቶ ፊቱን ወደ ሙዙ አዞረ።

ቀጥሎ ዲጄው ያንን የጺማሙን ሙዚቃ ከፈተ። ጉርምርምታው መጣ። ድምፅዋ ተነሳች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የያዙትን ጉርሻ ሳህን ላይ መለሱት። ሌላው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ጋቢው ሁሉ ባንድ ላይ ተነቃነቀና ተነሱ። ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው፣ ምርኩዝ የያዙት ጭምር።

«እትዬ! ተነሱ! ተነሱልኝ!» ዲጄው ጡጫውን ወደ ሰማይ ሰድዶ ዘለለ። «ቲቸር፣ እስከ ፋሲካ!»

እኔም ከት ብዬ ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር። እንደተከፈተ ቀረ። የደጋዎቹ ሴቶች ነጠላቸውን ሲዘቀዝቁ አየሁ። ነጠላ ሰርግ ላይ አይዘቀዘቅም። ወንዶቹ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ከድንኳኑ ወደ ሜዳው ወጡ፤ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሮጣሉ፣ አንዳች ነገር ይጣራሉ። እንባ በጢማቸው ላይ ይወርዳል። የከተማው ወጣቶች አዲስ ጭፈራ የመጣ መስሏቸው አብረዋቸው ዘለሉ። አንዱ በስልኩ ይቀርጻል፤ አንዷ ታፏጫለች። ከሽማግሌ ጎን እየሳቀ የሚዘል ጎረምሳ፣ ሽማግሌው እያለቀሰ። ይህንን በዓይኔ አየሁ።

የሙሽራዋ አባት ወንበር ገልብጦ መጣና ገመዱን ከሚክሰሩ ላይ ነቀለ።

የጀነሬተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንዲት ሴት በጋሞኛ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ሌላዋም ደገመችው፤ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። ገበያ ላይ ለዋጋ ክርክር የምትበቃ ጋሞኛ አለችኝ። ይህችን ግን ዋጋ ሳይኖርባትም ተረዳኋት። «ማን ሞተ?» ነው የሚሉት።

«ማንም አልሞተም!» አለ ዲጄው። «ሙዚቃ ነው! ፈረንጅ የሠራው ሙዚቃ ነው!»

የሙሽራዋ አባት ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። «እትዬ፣ ምን አደረግሽኝ? ይህ የለቅሶ ጥሪ ነው። ደጋ ላይ ሰው ሲሞት ሚስቱ የምትጣራው ነው። የሰማ ሰው ተቀምጦ አይሰማውም፤ ይነሳል፣ ሜዳ ወጥቶ ያለቅሳል። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ከተጀመረ ሳይጨረስ አይተውም። ሰርግ ቤት ተጀምሮ ከተተወ ጎሜ ነው፤ በሙሽሮቹ ላይ ይቆጠራል።» ጎሜ የሚሉት መከራ የሚያመጣውን ነውር ነው።

«ታዲያ ይጨረሳ!» አልኩት። ነጋዴ ነኝ፤ የተጀመረ ነገር መጨረስ አውቃለሁ።

«የማንን? ሟች የለንም እኮ!»

በዚህ መሐል የሙሽራው እናት ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ከታ ቆማለች። ባሏ ሊያባብላት ይሞክራል። «እኔ ልጄን ከለቅሶ ቤት አልድርም» ትላለች፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። «ወደ መኪና። ልጄ፣ ና!» ሙሽራው አንዴ እናቱን አንዴ ሙሽራዋን ያያል። ሙሽራዋ የወርቅ አክሊሏን እንደደፋች ደርቃ ተቀምጣለች፤ ሜካፑ ባይኖር ፊቷ ወረቀት እንደሚሆን ያስታውቃል። ሽማግሌዎቹ ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ። ያንን ጥሪ ከቤቱ የሚያነሳ ቃል ካላገኙ ሙሽራዋ ዛሬ ከዚህ ደጅ አትወጣም። የሙሽራው እናት ዛሬ ከሄደች ደግሞ ነገ አትመለስም። የልጅቷ ነገር በእነዚህ ሁለቱ መሐል ተንጠለጠለ።

ያኔ ነው ያልተነሱትን ሴት ያየሁት። የሙሽራዋ አባት አክስት ናቸው። ጠዋት ከዶርዜ ሲወርዱ በየጠመዝማዛው እያስመለሳቸው መጥተው ጥግ ላይ ያስቀመጥናቸው አሮጊት። ሰው ሁሉ ሲነሳ እሳቸው ከወንበራቸው አልተነቃነቁም። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መዳፋቸውን አፋቸው ላይ እንደጫኑ ነበሩ። አሁን እጃቸውን አወረዱና ለወንድማቸው ልጅ ቀስ ብለው አንድ ነገር ነገሩት።

የሙሽራዋ አባት አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«የእኔ ድምፅ ነው ትላለች።»

ዲጄው ሳቀ፤ የድንጋጤ ሳቅ። «እማማ፣ ይህ የኮምፒውተር ድምፅ ነው። የሰው አይደለም። ቲቸር፣ ይንገሯቸው እንጂ!» መምህሩ ግን ወደ አሮጊቷ ቀረብ አለ።

አሮጊቷ ክርክር አልገጠሙም። ጉሮሯቸውን ጠራርገው ያንኑ ጥሪ አሰሙን። ያለ ማይክ፣ ያለ ከበሮ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፤ ግን ወጣ፣ ወጣ፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ተሰበረ፤ ከተሰበረበትም ቀጠለ። መምህሩ በላፕቶፕ ያሳየን መታጠፊያ ሁሉ በቦታው ነበር። ዲጄው ጆሮ ማዳመጫውን ከአንገቱ አወለቀ፤ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ቆቡን እንደሚያወልቅ።

በሙዚቃው መሐል እየተደጋገመ የሚመጣው፣ እኛ ትርጉም የለሽ የመሰለን ቃል የባላቸው ስም ነው። በወንድማቸው ልጅ አፍ ነገሩን። ባላቸው የሞቱት በክረምት ነበር። የቀብሩ ቀን ሰማዩ ተቀደደ። ከላይ ያለው አፈር ተንሸራቶ መንገዱን ዘጋው፤ የባላቸው ወገኖች ከማዶ ቀሩ። የደረሱትም ጥቂት ሰዎች ጭቃው እየጣላቸው ወዲያው ተበተኑ። «ሜዳው ላይ እኔ ብቻ ቀረሁ። ብቻዬን ተጣራሁ» አሉ። «አንድ ፈረንጅ ብቻ ጃንጥላ ይዞ ቆሞ ነበር። በእንጨት ጫፍ ላይ ድመት የመሰለ ነገር አስሮ ወደ አፌ አስጠጋ። በአገሩ እንዲህ ያስተዛዝኑ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩት።»

ድመቱን አውቀዋለሁ። ነፋስ እንዳይገባ ማይክ ላይ የሚለብስ ጸጉራም ሽፋን ነው፤ ሱቄ ውስጥ እሸጠዋለሁ።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ከማንጎው ሥር የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ነጭተው በእጃቸው ይዘው መጡና አሮጊቷ ፊት ቆሙ። ጥሪው ባለቤት ካለው ፍርዱ የባለቤቱ ነው። «ለቅሶው ተጨርሷል?» ብለው ጠየቋቸው።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልተጨረሰም። ጎዶሎ ነው። ሰው አልመጣለትም።»

የሙሽራዋ አባት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ይባስ ብሎ ያልተጨረሰ ለቅሶ ነው ሰርጉ ቤት የገባው። የሙሽራው እናት ትርጉም አላስፈለጋትም፤ የመኪናውን በር ከፈተች።

«እንዴት ሰው አልመጣለትም?» አለ ዲጄው ድንገት። ራሱን ለማዳን ይሁን፣ ጺማሙን ለማዳን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። «እማማ፣ ይህንን እኮ ዓለም ሁሉ ሰምቶታል!»

«የቱ ዓለም?»

ስልኩን አወጣ። አንድ ቪዲዮ ፈልጎ ከፈተና አጠገባቸው ተንበርክኮ ያዘላቸው። እኔም ከጀርባ አንገቴን ሰገግ አደረግኩ። ማለቂያ የሌለው ሜዳ ነው፤ ማለቂያ የሌለው ሰው። ጺማሙ እላይ ሰገነት ላይ ቆሞ ትንሽ ነጥብ አክሏል። የእሳቸው ድምፅ ይነሳል። ያ ሁሉ ሕዝብ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ ይዘላል። ዝናብ ይዘንባል፤ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ውስጥ ናቸው። አንዲት ልጅ ሰው ትከሻ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍና ታለቅሳለች። የባላቸው ስም ሲመጣ ሁሉም ባንድ አፍ ይጠሩታል።

አሮጊቷ ስልኩን ከእጁ ወስደው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይዘንብባቸዋል» አሉ።

«አዎ፣ እማማ።»

«አልሄዱም?»

«አልሄዱም።»

«የት ያድራሉ?»

«እዚያው ሜዳው ላይ። ድንኳን ተክለው ነው የሚያድሩት። ቀናት ይቆያሉ።»

ይህን ሁሉ የሚተረጉምላቸው የሙሽራዋ አባት ነው። ሽማግሌዎቹ በስልኩ ዙሪያ ተደፉ። ድንኳን፣ ሜዳ፣ የተነሳ እጅ፣ ዝላይ፣ የሟቹ ስም። የጎደለ ነገር አላገኙበትም። መምህሩ ግን መምህር ነውና «ይቅርታ፣ ግን እነዚያ ሰዎች እኮ የመጡት ለ…» ብሎ ጀመረ። እግሩን ረገጥኩት። በደንብ ነው የረገጥኩት፤ አስታውሳለሁ፤ ጫማው የቆዳ ነበር።

«ሁሉም ለእሱ መጡ?» አሉ አሮጊቷ።

ዲጄው ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ሙዙ አየሁ።

«የጠሩት ስም የእሳቸው ነው፣ እማማ» አለ። ይህ ደግሞ እውነት ነው፤ አንድ ፊደል ውሸት የለበትም።

ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ የዘቀዘቁትን ነጠላ አውልቀው ገልብጠው በደስታ ቀን እንደሚለበሰው ለበሱት። ሌሎቹም ሴቶች እሳቸውን አይተው ገለበጡ። ሽማግሌው እርጥቡን ሣር ሰጧቸው፤ እሳቸው ደግሞ ተነስተው ሄደው ሙሽራዋ ጭን ላይ አኖሩትና አንዲት ቃል ተናገሩ። ትርጉም አልጠየቅኩም። የሙሽራዋ አባት መሬቱን ሲስም አይቼ «አልቋል» ማለታቸው መሆኑ ገባኝ።

የሙሽራውን እናት ከመኪናው ያወረዳት ማን እንደሆነ አላየሁም። እልልታው ሲነሳ ግን እሷም ከእልልተኞቹ መሐል ነበረች፤ ጫማዋ አቧራ ነክቶታል። ከዚያ በኋላ ሞንታርቦው አልተከፈተም። የደጋዎቹ ወንዶች እየተቀባበሉ በጉሮሯቸው ዘፍነው ሙሽራዋን አወጧት። ዲጄው ኬብል ሲጠቀልል፣ መምህሩ ሌላኛውን ጫፍ ይዞለት ነበር። እስከ ፋሲካ አፉን የሚዘጋው ማን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ሁለቱም ዝም ብለው ነበር።

ጀነሬተሩን ልናነሳ ስንል አሮጊቷ የወንድማቸውን ልጅ እጅ ይዘው መጡ። ለቅሶ የደረሰ ሰው ሳይመሰገን መቅረት የለበትም፤ እነዚያ ዝናብ ላይ ያደሩት ሰዎች ይመስገኑ አሉ።

ዲጄው ቪዲዮውን እንደገና ከፈተ። ከሥሩ ሰው የጻፈው አስተያየት መዓት ነው፤ እሳት፣ ልብ፣ እኔ የማላነባቸው ቋንቋዎች። በአማርኛ እንዲጻፍ የመረጡት እሳቸው ናቸው። «ትልቅ አገር ነው፤ የሚያነብላቸው አያጡም» አሉ። እሳቸው ተናገሩ፣ የሙሽራዋ አባት ተረጎመ፣ ዲጄው ጻፈ፦ «ለባለቤቴ ለቅሶ ስለደረሳችሁ እግዜር ይስጥልኝ። በደስታችሁ ብድር መላሽ ያድርገኝ።» ሁለቴ አስነብበው ሰሙት፤ ከዚያ ዲጄው ላከው።

አጠገቡ ቆመው ስልኩን ጠበቁ።

«መለሱ?»

«ገና ናቸው፣ እማማ።»

«አትቸኩልባቸው» አሉት። «መጀመሪያ ልብሳቸውን ያድርቁ።»